ወንድሜን ቆልፈንበት ነበር፦ «የመጠጥ መድኃኒቱ ወኔ ነው» ለሚለው ጽሑፍ ምላሽ

ሰሞኑን አዳማ ውስጥ «የመጠጥ መድኃኒቱ ወኔ ነው» የሚል ጽሑፍ ከስልክ ስልክ እየዞረ ነው። እኔ ጋ የደረሰው በአክስቴ በኩል ነው፤ እሷ ደግሞ ከዕድር ሰው ነው ያገኘችው። ላላነበባችሁት ባጭሩ ልንገራችሁ። ጸሐፊው የሚሉት ይሄን ነው። ለመጠጥ ሱስ ሕክምና ፍለጋ መንከራተት ገንዘብ መጨረስ ነው። ሱስ ወኔ ማጣት እንጂ በሽታ አይደለም። ጠጪውን ሦስት ቀን ክፍል ውስጥ ቆልፋችሁ ብታቆዩት ይለቀዋል። ከዚያ ግሉኮስ ብታሰቅሉለት ደሙ ይታጠባል። እምቢ ካለ ሳያውቅ ቡናው ውስጥ የሚጨመር ክኒን አለ። የሐኪም መድኃኒት ሌላ ሱስ ነው፤ ጸበል የገባ ሰው ክኒኑን ይጣል። ይህ ሁሉ ተደርጎለት ተመልሶ ከጠጣ ደግሞ ተስፋ የለውም።

ጽሑፉ በክፋት የተጻፈ አይመስለኝም። የጠጪ ቤተሰብ ድካም የገባቸው ሰው ናቸው። ማታ በር እስኪንኳኳ ቁጭ ብሎ ማደር ምን እንደሆነ የጻፉት አንጀቴን በልቶታል፤ እኛም ቤት እንደዚያ ነበር። ግን ከምክሮቻቸው ሦስቱን እኛ ቤት ሞክረናቸዋል። አንደኛው ወንድሜን ሊገድለው ነበር። ስለዚህ ዝም ማለት አልቻልኩም።

«ወኔ ያለው ሰው ያቆማል።»

ታላቅ ወንድሜ የከባድ መኪና መካኒክ ነው። ጅቡቲ የሚመላለሱት ተሳቢዎች አዳማ ሲደርሱ ችግር ካለባቸው ያድራሉ፤ እሱ ሌሊቱን ሙሉ ከመኪና ስር ሆኖ ሠርቶ ጠዋት የሚያስወጣቸው ሰው ነበር። በዚህ ሙቀት። ሰነፍ አይደለም፣ ወኔ ቢስም አይደለም፤ አባታችን ሲሞት እኛን ሦስታችንን ያስተማረ እሱ ነው።

አንድ ቀን ጠዋት ቁርስ ይዤለት ጋራዡ ሄድኩ። አንዲት ዳዶ በሁለት ጣቱ ይዞ ብሎን ላይ ሊያስገባ ይታገላል። እጁ ይንቀጠቀጥና ትወድቃለች። ያነሳታል። ትወድቃለች። አምስት ጊዜ ቆጠርኩ። ከዚያ ቀና ብሎ አየኝና ምንም ሳይናገር ከአጥሩ ጀርባ ያለው አረቄ ቤት ሄደ። ሁለት መለኪያ ጠጥቶ ተመለሰ። እጁ ረጋ፣ ዳዶዋ ገባች።

ያን ጠዋት የጠጣው ለመስከር አልነበረም። ለመሥራት ነው። ጸሐፊውን የምጠይቃቸው ይሄን ነው፦ እዚህ ውስጥ ወኔው የቱ ጋ ነው የጠፋው?

የዓለም ጤና ድርጅት ያዘጋጀው 10 ጥያቄ ያለው መመዘኛ አለ፤ ኦዲት ይባላል። ውጤቱ ከ0 እስከ 40 ነው። 8 እና ከዚያ በላይ ካመጣችሁ አጠጣጣችሁ ጉዳት ሊያስከትል ይችላል ማለት ነው፤ 20 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ደግሞ የሱስ ምርመራ ያስፈልጋል። ከጥያቄዎቹ አንዱ ማታ ብዙ ከጠጣህ በኋላ ጠዋት ራስህን ለማስነሳት መጠጥ አስፈልጎህ ያውቃል ወይ የሚል ነው። የወንድሜን ዳዶ ነው የሚጠይቀው። በሕክምናው ዓለም ይሄ ሱስ በሽታ ነው ከተባለ ቆይቷል፤ የአሜሪካ ሐኪሞች ማኅበር እንኳ ሱሰኛን እንደ ሕመምተኛ አክሙ ያለው እ.ኤ.አ. በ1956 ነው።

ጸሐፊው እንደ ማስረጃ ያመጡት ጾምን ነው። «በዐቢይ ጾም 55 ቀን ማቆም የቻለ ሰው ሱሰኛ አይደለም» ይላሉ። ወንድሜ ሁለት ዓመት በተከታታይ ጾሙን ሙሉ አልጠጣም። ለፋሲካ ሲጀምር ግን ካቆመበት ብሶ ነው የጀመረው። ያን ጊዜ እኛም ልክ እንደ ጸሐፊው «አየህ፣ ስትፈልግ ትችላለህ» እያልን አናቱ ላይ ወጣንበት። እሱም አመነን። ሁለት ዓመት ሐኪም ጋ ሳይሄድ የቀረው በዚያ ነው። ለጊዜው መተው መቻል አንድ ነገር ነው፤ ከጀመሩ በኋላ በቃኝ ማለት መቻል ሌላ ነው። እሱ ያቃተው ሁለተኛው ነበር።

የሰውየው ፈቃድ አያስፈልግም እያልኩ አይደለም። ያስፈልጋል። ስኳር ያለበት ሰውም መርፌውን ለመውጋት ፈቃድ ያስፈልገዋል፤ ስኳሩን የሚያወርደው ግን ኢንሱሊኑ ነው።

«ሦስት ቀን ቆልፉበት፣ ይለቀዋል።»

እዚህ ጋ ቀስ ብላችሁ አንብቡኝ።

እኛ ቆልፈንበታል። ሐሙስ ማታ ሁለት ሰዓት ላይ መጨረሻውን ጠጥቶ ገባ። እናቴ፣ አጎቴና እኔ ተመካከርንና ሰርቪስ ክፍሉ ውስጥ አስገብተን ከውጭ ቆለፍን። እሱም እሺ ብሎ ነው የገባው፤ መዳን ፈልጎ ነበር። ውኃ፣ የአጥሚት ፔርሙዝና አንድ ብርድ ልብስ ሰጠነው።

ዓርብ ቀኑን ሙሉ ተንቀጠቀጠ። ላቡ ፍራሹን አረጠበው። አስመለሰው። «መርዙ እየወጣለት ነው» አልን። ዓርብ ሌሊት ስድስት ሰዓት ላይ የሆነ ነገር ሲጋጭ ሰማሁና ከፍቼ ገባሁ። ዓይኑ ተገልብጧል፣ ጥርሱን ነክሷል፣ መላ ሰውነቱ ይንፈራገጣል። እናቴ ክብሪት ጭራ አሸተተችው። ቆየና ነቃ። በሕይወቱ ጥሎት የማያውቅ ሰው ነው። ጎረቤት ደግሞ «አለቀ፣ አሁን ወጣለት» አለን፤ እኛም ደስ ብሎን መልሰን ቆለፍንበት። ይሄን ስጽፍ እጄ ይከብደኛል፤ ግን ያደረግነው ይሄን ነው።

ቅዳሜ ማታ አራት ሰዓት ሲሆን ብርድ ልብሱ ላይ የሆነ ነገር መልቀም ጀመረ። አንድ በአንድ። በሁለት ጣቱ ያነሳና ወደ ጎን ያስቀምጣል። ምን እያደረግህ ነው አልኩት። «ብሎኖቹ ተበተኑ፣ ያቺን የ14 ቁልፍ አቀብይኝ፣ ሹፌሩ እየጠበቀኝ ነው» አለኝ። ዓይኑ ክፍት ነው፣ ያየኛል፣ ግን እኔን አይደለም የሚያየው። እናቴ «ሥራው ናፍቆት ነው» አለች። እኔ ግን ፈራሁ። ሰውነቱ እንደ እሳት ይፋጅ ነበር። ሌሊት አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ሁለት ጎረቤት ደግፎት በባጃጅ ሆስፒታል ወሰድነው።

ተረኛው ሐኪም መጀመሪያ የጠየቀው ስለ ትኩሳቱ አይደለም። «እናቴ፣ መጨረሻ የጠጣው መቼ ነው?» አላት። እናቴ እየኮራች «ልጄ፣ ከሐሙስ ጀምሮ አንድ ጠብታ አልቀመሰም» አለችው። ሐኪሙ ሰዓቱን ቆጠረና «ያሳመመው እሱ ነው» አለ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ለረጅም ጊዜ በየቀኑ ብዙ የጠጣ ሰው ድንገት ሲያቆም ከ6 እስከ 24 ሰዓት ባለው ጊዜ መንቀጥቀጥ፣ ላብ፣ የልብ ምት መፍጠንና ማስመለስ ይጀምረዋል። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት ውስጥ ሊጥለው ይችላል። ከ48 እስከ 96 ሰዓት ባለው ደግሞ የከፋው ይመጣል፦ መቃዠት፣ የሌለ ነገር ማየት፣ ትኩሳት፣ የደም ግፊት መውጣት። ይሄኛው ዴሊሪየም ትሬመንስ ይባላል። ጥሩ ሕክምና ባልነበረበት ዘመን ከሦስት ታማሚ አንዱን ያህል ይገድል ነበር፤ በአግባቡ ሲታከም ግን ከ100 ከ5 ያነሱት ናቸው የሚሞቱት። የጸሐፊው «ሦስት ቀን» ቁልጭ ብሎ እዚህ ሰዓት ላይ ነው የሚወድቀው። በሩን ቆልፉ ያሉት ሰው መከፈት ባለበት ጊዜ ነው።

ወንድሜ ካገገመ በኋላ በራሱ ቋንቋ ገለጸልኝ። መጠጥ አእምሮ ላይ ፍሬን ነው። ፍሬኑ በየቀኑ ሲረገጥ አእምሮ ላለመቆም ነዳጁን አብዝቶ መርገጥ ይለምዳል። ድንገት ፍሬኑን ስታነሳው ነዳጁ እንደተረገጠ ነው፤ መኪናው ይበራል። ሐኪሞቹ የሚያደርጉት ሌላ ፍሬን ሰጥቶ በጥቂት ቀናት ቀስ እያሉ ማንሳት ነው። አብዛኛውን ጊዜ የሚሰጡት እንደ ዲያዜፓም ያለ መድኃኒት ነው፤ ውድ አይደለም፣ አዲስም አይደለም።

ሁሉም ጠጪ እንዲህ ይሆናል ማለት አይደለም። ቅዳሜና እሑድ ብቻ የሚጠጣ ሰው ሲያቆም ምንም ላይሆን ይችላል። ግን በየቀኑ የሚጠጣ፣ ጠዋት ካልቀመሰ እጁ የማይረጋ፣ ከዚህ በፊት ሲያቆም ጥሎት የሚያውቅ ሰው ከሆነ ሐኪም ሳያየው ድንገት አታስቁሙት። አቁሞ ከጣለው፣ ከቃዠ፣ ከተኮሰው ወይም የት እንዳለ ከጠፋበት እስኪነጋ አትጠብቁ።

«ግሉኮስ ሲሰቀልለት ደሙ ይታጠባል።»

ይሄንንም ሞክረናል፤ ከመቆለፋችን በፊት። አንድ የግል ክሊኒክ ሁለት ጊዜ ግሉኮስ ሰቀሉለትና ሸኙን። ስለ መጠጡ አንድም ጥያቄ አልጠየቁም። እሱም ሲወጣ ቀለል ስላለው የዳነ መሰለው።

ግሉኮስ ስኳርና ውኃ ነው። ደም አያጥብም። አልኮሉን የሚያቃጥለው ጉበት ነው፤ በራሱ ፍጥነት ይሠራል፣ በግሉኮስ አይቸኩልም። የባሰው ደግሞ ሌላ ነው። ብዙ የሚጠጣ ሰው በደንብ አይበላም፤ የበላውንም መጠጡ በደንብ እንዳይመጠጥ ያደርገዋል። ስለዚህ ታያሚን የሚባለው ቫይታሚን ቢ1 ሰውነቱ ውስጥ ያልቃል። አእምሮ ስኳርን ወደ ጉልበት ለመቀየር ይሄን ቫይታሚን ይፈልጋል። ቫይታሚኑ በሌለበት ስኳር ብቻ ሲገባ የቀረችውም ትሟጠጥና አእምሮ ሊጎዳ ይችላል፦ ግራ መጋባት፣ የዓይን እንቅስቃሴ መበላሸት፣ ሲራመዱ መንገዳገድ። ጀርመናዊው ሐኪም ካርል ቨርኒከ እ.ኤ.አ. በ1881 የጻፈው በሽታ ነው፤ ዛሬም በስሙ ይጠራል። ካልታከመ ትዝታን ጠራርጎ ሊወስድ ይችላል፤ ሰውየው ዛሬ ጠዋት ያገኘውን ሰው ማታ አያስታውሰውም። ሰካራም ስለሆነ ነው እየተባለ ደግሞ ዝም ይባላል።

ሆስፒታል የገባን ዕለት ነርሷ መጀመሪያ የሰጠችው የቢ1 መርፌ ነበር። ግሉኮሱ ከዚያ በኋላ ነው የመጣው። ቅደም ተከተሉን ያን ጊዜ አላስተዋልኩትም። እናንተ አስተውሉት፤ ግሉኮስ ሲሰቀል ካያችሁ «ቢ1 ተሰጥቶታል?» ብላችሁ ጠይቁ። ነውር የለውም።

«ሳያውቅ ቡናው ውስጥ የሚጨመር ክኒን አለ።»

ይሄን ሳነብ ስልኩን አስቀምጬ ተነስቼ ዞር ዞር አልኩ።

ክኒኑ አለ፤ እሱ እውነት ነው። ዳይሰልፊራም ይባላል፣ ብዙ ሰው አንታቡስ በሚለው ስሙ ያውቀዋል። ታሪኩም ደስ ይላል። እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ ያንስ ሃልድ እና ኤሪክ ያኮብሰን የሚባሉ ሁለት የዴንማርክ ተመራማሪዎች ለሆድ ትል መድኃኒት ይሆን እንደሆነ እየፈተሹት ነበር፤ እኛ ኮሶ ለምንጠጣበት ነገር ማለት ነው። ራሳቸው ላይ ሞከሩት። ከዚያ መጠጥ ሲቀምሱ ፊታቸው ቀላ፣ ልባቸው ደለቀ፣ ታመሙ። በ1948 ለሐኪሞች ይፋ አደረጉት። በ1951 አሜሪካ ውስጥ ተፈቀደ።

አሠራሩ ይሄ ነው። ጉበት አልኮልን ሲያቃጥል መጀመሪያ አሴታልዲሃይድ ወደሚባል መርዛማ ነገር ይቀይረዋል፤ ቀጥሎ ደግሞ ያን ወደማይጎዳ ነገር። ክኒኑ ሁለተኛውን እርምጃ ይዘጋዋል። ሰውየው ከጠጣ መርዙ ይጠራቀማል። ፊቱ ይቀላል፣ ራሱን ይፈልጠዋል፣ ያስመልሰዋል፣ የደም ግፊቱ ይወርዳል። ከባድ ከሆነ ደረት ላይ ሕመም፣ የልብ ምት መዛባት፣ ራስን መሳት፣ ሞትም አለ።

አሁን ይሄን ክኒን ምንም ሳያውቅ በቡና የጠጣ ሰው አስቡ። ማታ እንደ ልማዱ ግሮሰሪ ገብቶ ሦስት ድራፍት ይጠጣል። ልቡ ሲደልቅ ምን እንደነካው አያውቅም። ሆስፒታል ሲወስዱትም ለሐኪሙ የሚነግረው የለም፤ ክኒኑን የጨመረው ሰው ቤት ነው ያለው። ልቡ ወይም ጉበቱ ቀድሞ የተጎዳ ከሆነ ደግሞ ብሶ ቁጭ ይላል። መድኃኒቱን የሚያዙ ሐኪሞች ይሄን እንደ መመሪያ ይከተሉታል፦ ሰክሮ ላለ ሰው አይሰጥም፣ ከመጨረሻው መጠጥ ቢያንስ 12 ሰዓት ማለፍ አለበት፣ ሙሉ በሙሉ ሳያውቅና ሳይስማማም በፍጹም አይሰጥም። ክኒኑን ካቆመ በኋላ እንኳ እስከ ሁለት ሳምንት ድረስ ከመጠጥ ጋር ሊጋጭ ይችላል። አልኮል ያለበት የሳል ሽሮፕም ሊጣላው ይችላል።

ዳይሰልፊራም የሚጠቅመው ሰው አለ። ራሱ የወሰነ፣ ጠዋት ጠዋት ሚስቱ ወይም እናቱ ፊት የሚውጥ፣ «ዛሬ ውጬዋለሁ፣ ስለዚህ ዛሬ አልጠጣም» የሚል። ጉልበቱ ያለው ማወቁ ላይ ነው። ሳያውቅ ከወሰደው ጥቅሙ ጠፍቶ አደጋው ብቻ ይቀራል። ሌላም ነገር አለ። የተደበቀው የወጣ ቀን ያ ሰው ከእናንተ እጅ ቡና አይጠጣም። ሐኪም ጋ እንሂድ ስትሉትም አያምናችሁም።

«የሐኪም መድኃኒት ሌላ ሱስ ነው።»

እዚህ ላይ ግማሽ እውነት አላቸው። ቅድም ያልኩት ዲያዜፓም ለረጅም ጊዜ ከተወሰደ ሱስ ያስይዛል፣ ከመጠጥ ጋር ሲደባለቅ ደግሞ ትንፋሽ ሊያቆም ይችላል። ለዚህ ነው ለጥቂት ቀናት ብቻ፣ በሐኪም ክትትል የሚሰጠው። ከሰው ገዝታችሁ ቤት ውስጥ አትሞክሩት።

ግን ጸሐፊው ሁሉንም በአንድ ከረጢት ጨመሩት። መጠጡ ከቆመ በኋላ ተመልሶ እንዳይገባበት የሚሰጡት ሁለቱ ዋና መድኃኒቶች ናልትሬክሶንና አካምፕሮሴት ናቸው፤ ሁለቱም ሱስ አያስይዙም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2023 ለመጠጥ ሱስ ብሎ ሁለቱንም በመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝሩ ውስጥ አስገብቷቸዋል።

ናልትሬክሶን በእኛ አነጋገር ሞቅታውን ያደበዝዘዋል። ለመጠጥ ሱስ አሜሪካ ውስጥ የተፈቀደው እ.ኤ.አ. በ1994 ነው፤ የተለመደው በቀን አንድ ባለ 50 ሚሊግራም ክኒን ነው። ወንድሜ ሲወስድ አንድ ማታ ተሸንፎ ጠጥቶ ነበር። «እንደ ድሮው አልሞቀኝም፣ ሁለተኛውን ሳልጨርስ ተነሳሁ» አለኝ። የመጀመሪያው ብርጭቆ ሦስተኛውን ካልጠራ ብዙ ነገር ተረፈ ማለት ነው። ትራማዶል ወይም ሌላ የኦፒዮይድ (እንደ ሞርፊን ያለ) ማስታገሻ የሚወስድ ሰው ግን ናልትሬክሶን መጀመር የለበትም፤ ለሐኪሙ ደብቃችሁ እንዳትጀምሩ። ጉበትም ቀድሞ ይታያል። አካምፕሮሴት ደግሞ የሚሰጠው መጠጡን ላቆመ ሰው ነው፤ የሚወጣው በኩላሊት ስለሆነ ኩላሊት ይመረመራል። በቀን ሦስት ጊዜ የሚዋጥ ስለሆነ ለሚረሳ ሰው ትንሽ ያስቸግራል።

ተአምር ናቸው አልልም። እ.ኤ.አ. በ2023 118 ጥናቶችን፣ ወደ 21,000 የሚጠጉ ሰዎችን ያጠቃለለ ግምገማ ወጥቶ ነበር። አካምፕሮሴት ከሚወስዱ 11 ሰዎች አንዱ፣ ባይወስድ ኖሮ ይመለስበት ከነበረው መጠጥ ይተርፋል። ናልትሬክሶንም ከባድ አጠጣጥን በመከላከል በኩል ቁጥሩ ያው 11 ነው። ትንሽ ይመስላል? እኔ አሥራ አንድ ጠጪ ካለበት ሰፈር ነው የመጣሁት። ከእነሱ አንዱ ወንድሜ ነው።

ስለ ጸበሉ ብዙ አልልም፣ ምክንያቱም እናቴ ጸበል ታስጠምቀዋለች፣ እሱም ደስ ብሎት ይሄዳል። የጠላሁት «ክኒኑን ይጣል» የሚለውን ነው። የኤችአይቪ መድኃኒት የመጣ ሰሞን ይሄው ክርክር ነበር፤ ብዙ ሰው መድኃኒቱን አቁሞ ሞቷል። በእኛ አቆጣጠር በ1990ዎቹ መጨረሻ የያኔው ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ ራሳቸው ጸበሉንም መድኃኒቱንም አብራችሁ ውሰዱ ብለው በአደባባይ ተናገሩ። ያለቀ ጉዳይ መስሎኝ ነበር።

«ተመልሶ ከጠጣ ተስፋ የለውም።»

ወንድሜ ሁለት ጊዜ ተመልሶ ገብቶበታል። መጀመሪያ በአራተኛው ወር፣ የጓደኛው ሠርግ ላይ። ሁለተኛው ጫት ቅሞ ጨብሲ ሲሉት። ሁለቱንም ጊዜ ቤታችን ለቅሶ ቤት መሰለ። ሁለቱንም ጊዜ ግን ሐኪሙ «መጣህ አይደል? ጥሩ» ነበር ያለው። ከዚያ ቁጭ ብለው ምን ቀን፣ ከማን ጋር፣ ምን ሰዓት ላይ እንደሆነ ለዩት። ጫቱ እንደሚጎትተው የታወቀው ያኔ ነው። ጫቱንም ተወው።

የደም ግፊት ያለበት ሰው ክኒኑን ረስቶ ግፊቱ ቢወጣ ተስፋ የለህም ብለን አንሸኘውም። ጠጪውን ግን ተስፋ የለህም ስንለው ሄዶ ነው የሚጠጣው። አንዳንዱ እንደዚያ ተብሎ የሄደ አልተመለሰም፤ በዚህ ሰፈር የማውቃቸው አሉ።

ሰው ለሰው መድኃኒት ነው የሚባለውም እዚህ ላይ ይሠራል። እ.ኤ.አ. በ1935 አሜሪካ ውስጥ ሁለት ጠጪዎች የጀመሩት የስም የለሽ ጠጪዎች ማኅበር ዛሬ ብዙ አገር ደርሷል፤ እ.ኤ.አ. በ2020 የወጣ ትልቅ ግምገማም ሙሉ በሙሉ ለማቆም እንደሚረዳ አሳይቷል። ማኅበሩ ባይኖር እንኳ አብሮ ያቆመ አንድ ሰው ማግኘት ትልቅ ነገር ነው። ወንድሜ አንድ የሲኖ ሹፌር አለው፤ አዳማ ባደረ ቁጥር ጋራዡ መጥቶ ለስላሳ ይጠጣሉ።

«አዳማ ሆናችሁ ሕክምና ፍለጋ አትንከራተቱ።»

መንከራተቱ እውነት ነው፤ አልክድም። ናልትሬክሶን ፍለጋ ከመናኸሪያ እስከ ፍራንኮ ፋርማሲ ለፋርማሲ ዞሬያለሁ። አንዳንዱ ስሙንም አልሰማውም። አንዷ ፋርማሲስት ግን «ለማን ነው?» አለችኝ፤ ለወንድሜ ስላት አዲስ አበባ ደውላ አፈላልጋ አገኘችልኝ። ማዘዣውን ፎቶ አንስቼ በየሄድኩበት ማሳየቴ ጠቅሞኛል፤ ስሙን በአፍ ስትናገሩት ይምታታል።

ግን መንከራተት አለ ማለት የሚሄዱበት የለም ማለት አይደለም። በቅርባችሁ ካለው ጤና ጣቢያ ጀምሩ። የጤና መድን ካርድ ካላችሁ ሪፈር የሚጻፈው ከዚያ ነው፤ ዘላችሁ ሆስፒታል ከሄዳችሁ ከኪስ ልትከፍሉ ትችላላችሁ። አዳማ ሆስፒታል ሜዲካል ኮሌጅ የአእምሮ ሕክምና ክፍል አለው። ከዚያ ካለፈ አዲስ አበባ አማኑኤል አለ። «አማኑኤል ማለት የእብድ ነው» የምትሉ ካላችሁ እኛም እንደዚያ ብለን ስድስት ወር አቃጥለናል። የሄደ ሰው ታክሞ ነው የሚወጣው፤ ግንባሩ ላይ የሚጻፍበት ነገር የለም።

ስትሄዱ እነዚህን ይዛችሁ ሂዱ፦ በቀን ስንት እንደሚጠጣ፣ ምን እንደሚጠጣ፣ መጨረሻ የጠጣበትን ሰዓት፣ ጥሎት ያውቅ እንደሆነ፣ ሌላ የሚወስደውን መድኃኒት፣ ጫትም ከሆነ ጫት። አረቄ ከሆነ አረቄ በሉ። «ትንሽ ቢራ ይቀማምሳል» ብላችሁ ካሳነሳችሁት ሐኪሙ የሚሰጠው መድኃኒትም ያንሳል። እናቴ መጀመሪያ ላይ እንደዚያ ነበር ያለችው፣ አፍራ።

ጸሐፊው ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ስለ ወንድ ብቻ ነው የጻፉት። ሴቶችም አሉ። ጠላ ሻጯም፣ ቢሮ የምትሠራውም፣ ልጆቿን አስተኝታ በር ዘግታ የምትጠጣውም። የሴት መጠጥ ስለሚደበቅ ሕክምናውም ይዘገያል። ይሄን የምታነብ እህቴ ካለች፣ ቅድም ያልኩት መንቀጥቀጥና መጣል ለአንቺም ያው ነው። ብቻሽን ቆልፈሽ አታቁሚ።

ወንድሜ አሁን ሥራ ላይ ነው። ይሄን እንድጽፍ ጠይቄው ፈቅዶልኛል፤ ስሜን ብቻ አታንሺ አለኝ። አሁንም ክትትል ላይ ነው፣ የሚከብዱት ቀናት አሉ።

ጸሐፊውን የምለምንዎ አንድ ነገር ነው። ስለ ወኔም ስለ ክኒንም ያለንን ልዩነት ቁጭ ብለን ልንነጋገርበት እንችላለን፤ ከፈለጉ ሐኪሙም ወንድሜም ይገኛሉ። «ሦስት ቀን ቆልፉበት» የምትለዋን መስመርና የቡናውን ነገር ግን ዛሬውኑ ያውጧቸው። ያሰራጩትንም ሰዎች ንገሩልኝ ይበሏቸው። ትናንት ማታ ብቻ እናቴ ስልክ ላይ ከሦስት ሰው መጥቷል፤ አንደኛዋ ባሏን መቆለፍ እንዳለባት ልትጠይቃት ነው የላከችላት።